አቡጊዳና ሽምደዳ

ስለ ቄስ ትምህርት ቤት የሚጽፉ ብዙ ዘመናውያን ምሁራን «ሽምደዳ» በሚል አንድ ቃል ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ነቀፋው መሠረት የለውም አይባልም፤ ግዕዝ የማያውቅ ሕፃን መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ ሲወጣ ከምሥጢሩ ምን እንዳተረፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፍርዱ የፊደል ገበታውን በጥሞና ካለመመርመር የመጣ ይመስለኛል።

በሀሁ ተራ ልጁ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ በዜማ ይዘልቃል። ዜማው ለማስታወስ ያግዛል፤ የዚያኑ ያህልም ያታልላል። ምላስ ቀድሞ ስለሚሮጥ ዓይን ፊደሉን ሳይለይ ያልፋል። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ልጁን ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው የድምፅ ተራ እንዳለ ሆኖ ፊደሉ በየእርምጃው ይለወጣል። የሀሁ ዜማ እዚህ አያደርስም። እርግጥ ነው፣ አቡጊዳም ሲደጋገም በተራው ዜማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ተራውን አፍርሶ ከመካከል እየጠቆሙ መጠየቅ ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ የቃል ጥናትን ብቻ ሳይሆን የቃል ጥናትን መፈተኛም ይዞ ነበር ማለት ነው።

የድጓ ምልክትም ይህንኑ ያስረዳል። ከንባቡ በላይ የሚሰፍሩት ጥቃቅን ፊደላት ቀድሞ የተጠና የዜማ ሐረግ አሕጽሮት ናቸው። ዜማውን ለተማረ ሰው አንዲት ፊደል ሙሉ ሐረግ ታስታውሰዋለች፤ ላልተማረ ግን ዝም ትላለች። ለፈተና ብሎ የአርእስት መነሻ ፊደላትን ብቻ የሚያጠና የዘመናችን ተማሪም ዕጣው ከዚህ አይለይም፤ ፊደላቱ ይቀሩለታል፣ ነገሩ ይጠፋበታል።

አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እ.ኤ.አ. «አቡጊዳ»ን የእንዲህ ያለ ጽሕፈት መጠሪያ ካደረገው ወዲህ ቃሉ የሕንድን ፊደላት ጭምር ይገልጻል። ስሙ በውጭ ሲከበር፣ በአገር ቤት ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ባለሥዕል ገበታ ግን ሀሁ ላይ ይቆማል። «በ» አጠገብ በግ ተሥሎለት «በግ» የሚል ልጅ ያነበበው ሥዕሉን ይሁን ፊደሉን በምን እናውቃለን? ሥዕሉ ይኑር፤ ነገር ግን ገበታውን የሚያዘጋጁ ሁሉ በጀርባው ሥዕል የሌለበት አቡጊዳ ቢያትሙበት፣ መምህሩም ወላጁም ልጁ በእርግጥ ፊደል መለየቱን ማረጋገጫ ያገኛሉ።