ከላባው ሥር

ሰው መሬት ላይ ላባ ሲያገኝ የሚያየው ጫፉን ነው። ቀለሙን ያደንቃል፣ በጣቶቹ መሃል እየሳበ ያለሰልሰዋል፣ ማንም ካላየው ደግሞ ጆሮውን ይኮረኩርበታል። እኛ ላባ አይተን የወፉን ስም እንድንናገር የምንጠየቅ ሰዎች ግን ገልብጠን ነው የምንይዘው። ዓይናችን የሚሄደው ወደ ታች፣ አገዳው ቆዳ ውስጥ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወዳለው ለስላሳ ድቡልቡል ነው። ያ ክፍል ውበት የለውም፤ ከላይ በተደረቡት ላባዎች ተሸፍኖ ሙቀት ይይዛል፣ በቃ። ሥራችን በሙሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወፍ አይደለም። አውሮፕላን ሲነሣ ወይም ሲያርፍ ከሞተሩ፣ ከአፍንጫው ወይም ከክንፉ ላይ ተፍቆ የተነሣ፣ በደምና በቅባት የተለወሰ፣ አንዳንዴም በሙቀት የተለበለበ ነገር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእጥበት ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ አልኮል ውስጥ መንከር፣ በመጨረሻ አየር እየነፉ ማድረቅ። ላባ የጥፍርና የጸጉር ወገን በሆነው በኬራቲን የተሠራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ያ ጥቁር እብጠት ሲደርቅ ተነፋፍቶ ላባ ሲሆን ማየት አሁንም አይሰለቸኝም። እጥበቱን ለረዳት የሚተዉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ አልተውም። ከውሃው ስትወጣ የተጣበቀችውን ትንሿን ክር የሚያያት ያጠባት ሰው ነው።

የላባ አሠራር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከአገዳው ግራና ቀኝ ክሮች ይወጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ክር ደግሞ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ክሮች። ወደ ላባው ጫፍ ያሉት ደቃቅ ክሮች ጥቃቅን ሜንጦ አላቸው፤ በሜንጦው ጎረቤታቸውን ይይዙና ነፋስ የማያልፈው ገጽ ይሆናሉ። የተበታተነ ላባ በጣት ሲስቡት መልሶ የሚገጥመው በዚህ ነው። የሰጎን ላባ ይህ ሜንጦ የለውም፤ ስለዚህ የሐመር ወንዶች ጸጉራቸው ላይ የሚሰኩት የሰጎን ላባ መቼም አይገጥምም፣ እንደተበተነ ይውለበለባል። እሱን ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ወደ ሥሩ ስንወርድ ሜንጦው ይጠፋና ደቃቆቹ ክሮች ረዝመው ይቀጥናሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ አላቸው። የአንጓው ቅርጽ ከወፍ ወገን ወገን ይለያያል። የርግብ ወገን አንጓ ሰፋ ያለና ከላይ ሾል ሾል ያሉ ጥርሶች ያሉት ነው። ዳክዬና ዝይ ወደ ክሩ ጫፍ ላይ ጥቂት ባለ ሦስት ማዕዘን አንጓዎች አሏቸው፤ የቀረው ባዶ ነው። የዶሮ፣ የቆቅና የጅግራ ወገን ክሩ ላይ የተሰኩ ቀለበቶች አሉት፤ አንዳንዴ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻሉ። ከዚህ ላይ ጥቁሩ ቀለም አንጓው ላይ ብቻ ነው ወይስ በአንጓዎቹ መካከልም ተረጭቷል የሚለውን ይጨምሩበት። ለጀማሪ ሁሉም አንድ ይመስለዋል። እጅ የሚፈታው ስሙ የታወቀ ወፍ ላባ ደጋግሞ በማየት ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል የሚረዳው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው።

ይህን የመርማሪ ሥራ ያደረገችው ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትሠራ የነበረችው ሮክሲ ሌይቦርን (1910–2003 እ.ኤ.አ.) ናት። በጥቅምት 1960 እ.ኤ.አ. ከቦስተን የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ ሎክሂድ ኤሌክትራ አውሮፕላን ወዲያው ወደቀና ከ72ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 62ቱ ሞቱ። ከሞተሮቹ የወጣውን ቁርጥራጭ ለይታ ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ መሆኑን ተናገረች። ስታርሊንግ ክብደቱ 80 ግራም ገደማ ነው። ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን በእጅ መዳፍ በሚያዝ ወፍ መንጋ መውደቁ ሲታወቅ፣ ሞተር ስንት ወፍ ውጦ መሥራት ይችላል የሚለው ጥያቄ የአቪዬሽን ሰዎች ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

እኛም የራሳችን አለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ ለመብረር ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና መሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ከዷቸው፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወፏ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየገደሉ የምናያት፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ቡናማ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት የዱር ርግብ ነበረች። ማንም አደጋ ናት ብሎ የማያስባት፣ እህል ስትለቅም እሽ እንኳ የማንላት።

በዚህ ሙያ ውስጥ ከባዱ ማወቅ አይደለም፤ ላባው በቆመበት ቦታ መቆም ነው። ከሥሩ ያለው ክር ‘የርግብ ወገን’ ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። የዱር ርግብ ትሁን፣ የከተማ ርግብ ትሁን፣ ዋኔ ትሁን አንጓው ላይ አልተጻፈም። አንድ እርምጃ ለመሄድ ቀለም ያለው ቁራጭ፣ የላባው መጠን፣ የአገሩና የወቅቱ ወፎች ዝርዝር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተደርድረው የሚጠብቁ የደረቁ የወፍ ቆዳዎች ያስፈልጋሉ። ቁራጩን ቆዳው ላይ አስጠግቶ፣ በመስኮት ብርሃን፣ አንድ በአንድ። ስልክ የሚደውለው ሰው ‘ምን ወፍ ናት?’ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ‘የርግብ ወገን’ ሲባል ሥራ ያልተሠራ ይመስለዋል። እኔ ግን የዘገባውን ሳጥን ለመሙላት ብቻ ከተጻፈ የዝርያ ስም ‘የርግብ ወገን’ን እመርጣለሁ።

‘ወፍ’ ብቻ ብሎ መዝግቦ መተው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ርግብ የምትከተለው እህልና ጣሪያ ነው። ጭላት የሚከተለው ቄራና ቆሻሻ መጣያ ነው፤ አባ ኮዳም እንደዚያው። ጥንብ አንሳ ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ በሚነሣው አየር ላይ ተሳፍሮ ይወጣል፤ ጠዋት ማልዶ አይገኝም፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ የእሱ ነው። ለአንዱ የማረፊያው ሣርና እህል፣ ለሌላው የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ለሦስተኛው የበረራ ሰዓት ነው መፍትሔው። ስሙን ያላወቀ አየር ማረፊያ ርችት ሲተኩስ ይውላል።

ስለ ጥንብ አንሳ ካነሣሁ አይቀር፦ በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. ከአቢጃን በላይ በ37,000 ጫማ ላይ (11,300 ሜትር ገደማ) አንድ ወፍ አውሮፕላን ገጨ። ማንም ወፍ እዚያ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ሌይቦርን የተረፉትን ላባዎች ተመልክታ የሩፔል ጥንብ አንሳ መሆኑን ተናገረች። ወፉ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ከዞረው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ በስሜን ገደሎችም ይኖራል። ያን ያህል ከፍታ ላይ የተመዘገበ ሌላ ወፍ የለም፤ ማስረጃው ደግሞ ያ እፍኝ ላባ ነው።

አሁን ዲኤንኤ አለ፤ ‘ያንተ ሥራ አበቃ’ የሚሉኝም አሉ። ደስ ይለኛል፤ ደምና ሥጋ ካለ እኔም መጀመሪያ ወደዚያው እልካለሁ። ዲኤንኤው ግን የሚመሳከረው ከአንድ መዝገብ ጋር ነው፤ መዝገቡ የተሞላው ደግሞ ሰው ዓይቶ ስም ከሰጣቸው ወፎች ነው። ላባ ብቻውን የሚናገረውም ነገር አለ። በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ተነሥቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው፣ 155ቱም ሰዎች የተረፉበት አውሮፕላን ያጋጠሙት የካናዳ ዝይዎች ነበሩ። ላባ ሲያድግ ወፏ በነበረችበት አገር ያለውን ውሃ ኬሚካላዊ ምልክት ይዞ ይቀራል፤ በዚያ ምልክት ዝይዎቹ የከተማው ነዋሪዎች ሳይሆኑ ከሰሜን የመጡ መንገደኞች መሆናቸው ታወቀ። በመናፈሻ ያሉትን ዝይዎች ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ የተገለጠው ከዚህ ነው።

አውሮፕላን አጠገብ ለምትሠሩ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። የምታገኙትን ሁሉ ሰብስቡ፤ ትልቁንና የሚያምረውን ብቻ አትምረጡልኝ። እርጥብ ከሆነ አድርቁትና በወረቀት ፖስታ አድርጉት፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ሙጫው ክሮቹን ያበላሻቸዋል። ቀኑን፣ ቦታውንና ከአውሮፕላኑ የት ላይ እንደተነሣ ጻፉበት። ላባውን ከወፉ ላይ ስታነሡ ደግሞ በመቀስ አትቁረጡት፤ ከሥሩ ንቀሉት።