የጠንቋዮቹ ጎላና የመድኃኒት ቀማሚው ማሰሮ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ተውኔቶች አንዱ «ማክቤዝ» ነው። በአራተኛው ገቢር መክፈቻ ሦስቱ ጠንቋዮች ጎላቸውን ጥደው ሲዞሩት ተመልካች መሳቅ ይቀናዋል፤ አንዳንድ አዘጋጅም የጎማ እባብ እያስወረወረ ሳቁን ያግዛል። በዚህ የሚጠፋው ነገር ግን ቀላል አይደለም።

ተውኔቱ በተጻፈበት ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ፣ የለንደን ሰው እፉኝትን የሚያውቀው ከጠንቋይ ጎላ ብቻ ሳይሆን ከመድኃኒት ቀማሚም ማሰሮ ነበር። የኔሮ ሐኪም አንድሮማኮስ የእፉኝት ሥጋ አክሎ ያዘጋጀው ቴርያክ የተባለ የመርዝ ማርከሻ፣ ከአሥራ አምስት መቶ ዓመታት በኋላም በአውሮፓ ይሸጥ ነበር። የለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ በ1618 ባወጣው የመድኃኒት መጽሐፍ ለሳንባ ሕመም የቀበሮ ሳንባ ታዟል። ቀበሮ ሲሮጥ ትንፋሹ አያጥረውምና፣ ሳንባው ለታማሚው ይበጃል ተብሎ ታምኖ ነበር። ቴርያክ ከዚያው መጽሐፍ የተሰረዘው በ1788 ነው፤ ያውም ሐኪሙ ዊልያም ሄበርደን በ1745 በጽሑፍ ከነቀፈው ከአርባ ዓመታት በኋላ።

እንግዲህ የጠንቋዮቹ ዝርዝር የሚያስፈራው በባዕድነቱ ሳይሆን በቅርበቱ ነው። የእንቁራሪት ጣት፣ የውሻ ምላስ፣ የፍየል ሐሞት በተራ ይገባሉ፤ በመጨረሻም ቅመማው በዝንጀሮ ደም ይበርዳል። አካሄዱ የሐኪም ትእዛዝ አካሄድ ነው። ፈዋሹንና አጥፊውን የሚለያቸው የልብ ሐሳብ ብቻ ይሆናል። ስሞቹ የዕፅዋት ምስጢራዊ መጠሪያዎች ናቸው የሚል አስተያየትም ይሰማል፤ የእንቁራሪት ጣት ቅጠል ከሆነ ግን ግጥሙ ደሙ ይደርቃል።

በአምስተኛው ገቢር ማክቤዝ ለሚስቱ የታመመ አእምሮ ፈውስ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ እንዲህ ያለው በሽተኛ ራሱን ማከም እንዳለበት ይነግረዋል። ማክቤዝም መድኃኒትን ለውሾች ጣል ብሎ ይቆጣል፤ ወዲያው ደግሞ እንግሊዞችን ከአገሩ ጠርጎ የሚያወጣ ማስቀመጫ መድኃኒት ይፈልጋል። ይህ ሰው በጎላው ያመነ ሰው ነው። ጎላው መሳለቂያ ሆኖ ካለፈ የሐኪሙ መልስ የሚያርፍበት ስፍራ ያጣል።

በብራና የመድኃኒት መጻሕፍት የእንስሳት ሐሞትና ስብ ለፈውስ ሲታዘዝ በኖረበት በኢትዮጵያ፣ ተመልካቹ ለዚህ ስሜት እንግዳ አይደለም። ተዋናይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ አዋቂ መድኃኒተኛ እየመጠነች፣ የፍየሉን ሐሞት ወደ ጎላው ብታንጠባጥበው ይበቃል።