የኬሚካዊ እኩልዮሽ አስተምህሮ፦ ቁጥርን ከማመጣጠን ባሻገር

በኬሚስትሪ ትምህርት ሰፊ ጊዜ ከሚሰጣቸው ርእሶች አንዱ ኬሚካዊ እኩልዮሽን ማመጣጠን ነው። የተለመደው አቀራረብ በቀስቱ ግራና ቀኝ ያሉትን አቶሞች አስቆጥሮ፣ የጎደለውንም ከፎርሙላው ፊት በሚጻፍ ቁጥር አስሞልቶ ወደሚቀጥለው መልመጃ ይሻገራል። ለማስፈተንም ሆነ ለማረም ስለሚቀል ሥር ሰዷል። ይሁን እንጂ ተማሪው በዚህ መንገድ የሚጨብጠው ኬሚስትሪን ነው ወይስ የቁጥር ሥራን ብቻ? የሚለው ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል።

የማመጣጠን መሠረቱ ላቯዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው መርሕ ነው፤ ይኸውም በኬሚካዊ አጸግብሮት ቁስ አካል አዲስ አይፈጠርም፣ ያለውም አይጠፋም የሚለው ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ተዋሕደው ውሃ መሆናቸውን ሲጽፍ፣ በቀኝ በኩል የጎደለውን ኦክስጂን ለመሙላት በውሃ ፎርሙላ ግርጌ ቁጥር ይጨምራል። ቁጥሩ ይገጥማል፤ የተጻፈው ግን ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሆኗል። ያሮክ የተባለው ተመራማሪም 14 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች እኩልዮሽን ማመጣጠን እየቻሉ ብዙዎቹ ሞለኪውሎቹን በትክክል ሥለው ማሳየት እንደተሳናቸው ገልጿል።

ከዚህ የከፋ ጉድለትም አለ። ዚንክ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይለቃል። በዚንክ ፈንታ መዳብ ቢጻፍም እኩልዮሹ በወረቀት ላይ ያለ አንዳች ችግር ይመጣጠናል፤ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ግን መዳብ ሃይድሮጂንን አያስለቅቅም። ስለዚህ መመጣጠን ለእኩልዮሽ ትክክለኛነት የግድ አስፈላጊ ቢሆንም፣ አጸግብሮቱ ስለመካሄዱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የአጸግብሮት ዓይነቶችም መዋሐድ፣ መበታተን፣ መተካትና መለዋወጥ ተብለው በቃል ከመጠናት አላለፉም። ለዚህ ማረሚያ የሚሆነው ምሳሌ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ሲቃጠል ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበታተናል፤ ካልሲየም ኦክሳይድ ውሃ ሲነካው ሙቀት እየሰጠ ይዋሐዳል፤ ግድግዳ ላይ የተቀባውም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ፣ ውሃ ለቆ፣ ወደ ካልሲየም ካርቦኔትነት ይመለሳል። ሦስቱም እኩልዮሾች ቁጥር ሳይጨመርባቸው የተመጣጠኑ በመሆናቸው ማመጣጠንን ብቻ የሚሻ መልመጃ ያልፋቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከአራቱ ክፍሎች ወደ አንዱም በቀላሉ ስለማይገባ፣ ክፍፍሉ ለማጥናት የሚረዳ መሣሪያ እንጂ የተፈጥሮ አጥር አለመሆኑን ያስተምራል።

እንግዲህ መምህሩ በቅድሚያ ድርጊቱን ቢያሳይ ወይም ቢገልጽ፣ ቀጥሎ በቃላት፣ ከዚያም በፎርሙላ አስጽፎ በመጨረሻ ቢያስመጣጥን ቅደም ተከተሉ ይቃናል። የፈተናና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም «አመጣጥን» ከሚለው ትእዛዝ ጎን «ይህ አጸግብሮት ይካሄዳልን? ስለምን?» የሚል ጥያቄ ሊያኖሩ ይገባል። ፈተናው የማይጠይቀውን ለማስተማር የክፍል ጊዜ መመደብ ለመምህሩ አዳጋች ነውና።