ቁናው ሲፈተሽ

መንዝ፣ ጓሳ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ጀምበር ጠልቃ ብርዱ በርኖስ አልፎ አጥንት ሲነካ፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ካብ እጅ ቢያስጠጉት ገና ይሞቃል። ዓይን ድንጋዩን ጨለማ ውስጥ ያጣዋል፤ መዳፍ ግን ያገኘዋል። ለመዳፍ የሚደርሰው ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር ነው።

የከዋክብትን ኢንፍራሬድ የሚለካ ባለሙያ ጣጣው የሚጀምረው ከዚሁ ካብ ነው። ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን አየሩም፣ የቴሌስኮፑ መስታወትም፣ የባለሙያው እጅም ያበራሉ። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሆነ ነገር እንኳ ከሁሉ አብልጦ የሚረጨው 10 ማይክሮን ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ነው። በዚህ ሞገድ ለሚያይ ካሜራ ሌሊቱ አይጨልምም።

ስለዚህ ካሜራው በብርቱ ይቀዘቅዛል፤ ለአጫጭሮቹ ሞገዶች ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል። ቴሌስኮፑ ኮከቡን ያያል፣ ፈቀቅ ብሎ ባዶውን ሰማይ ያያል፣ ተመልሶ ኮከቡን ያያል፤ የሰማዩ ከኮከቡ ላይ ይቀነሳል። የተረፈው ቁጥር ገና ብሩህነት አይባልም። ብርሃኑ ቀድሞ ከታወቀ ኮከብ ጋር መመሳከር አለበት፣ ያውም በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ሳሉ። ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር አናት ላይ ካለው እጥፍ ነውና።

ከአየሩ ሁሉ የሚከፋው የውሃ ትነት ነው። ትነቱ የሚበዛው ቆላው ላይ ስለሆነ ደጋ ይመረጣል። ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ላይ ነው፤ ጉዳቱ የአዲስ አበባ መብራት ከሥሩ መሆኑ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ ትልቅ ከተማም አልተጠጋውም። የክረምቱ ደመና እንዳለ ሆኖ፣ ለቴሌስኮፕ ይመች እንደሆነ ለማወቅ በበጋ ሌሊቶቹ ትነቱን መለካት የሚያስቆጭ ድካም አይሆንም።

የመንዝ ገበያተኛ ገብስ ሲሸምት ቁናውንም አገላብጦ ያያል። ሌሎቹ የሚመሳከሩባት የሰማዩ ቁና ለረጅም ዘመን ቬጋ የተባለችው ኮከብ ነበረች፤ የሌሎች ብሩህነት ይቆጠር የነበረው እሷ ዜሮ ተብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢራስ የተባለችው የአሜሪካ፣ የኔዘርላንድና የብሪታንያ ሳተላይት ልኬቷን ለማስተካከል ወደ ቬጋ ዞረች። ኦማንና ጊሌት የተባሉት ተመራማሪዎች በረጃጅሞቹ ሞገዶች ከሚጠበቀው እጅግ የበለጠ ብርሃን አገኙ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ነው። ትርፉ ግን የመጣው ኮከቧን ከሚዞር፣ ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ ገደማ ከሆነ አቧራ ነበር። ከፀሐይ ሌላ በሆነ ኮከብ ዙሪያ እንዲህ ያለ የአቧራ ቀለበት መኖሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ተፈልጎ ሳይሆን ቁናው ሲፈተሽ።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ ምሽት ላይ ከጓሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ቬጋን ያለ መሣሪያ ያያታል። አቧራዋ በይበልጥ የሚያበራበት የ60 ማይክሮን ሞገድ ግን እዚያ ድረስ አይዘልቅም፤ በመንገድ ላይ ትነቱ ይውጠዋል።