«ተመጣጣኝ ናሙና» በካርቱም የቋንቋ ጥናት፦ የአንድ ስያሜ ትችት

ብዮርን የርኑድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የሱዳን የቋንቋ ጥናት የመጀመሪያ ምዕራፍ መጠይቁን ያካሄደው በትምህርት ቤቶች ነበር። የሥራው ፋና ወጊነት አያከራክርም። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ በእንዲህ ያለ ናሙና የመመረጥ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ዜሮን ደግሞ በኋላ የሚሰጥ ክብደት አያቃናውም።

ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር የሚዞር አጥኚ «ተመጣጣኝ ናሙና» የሚለው ስያሜ ሁለት ዘዴዎችን እንደሚጠራ ልብ ሊል ይገባል። አንደኛው ሕዝቡን በምድብ ከፍሎ ከየምድቡ እንደ ድርሻው መውሰድ ነው። ሁለተኛው፣ ሃንሰንና ሁርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1943 ያቀረቡት፣ ለየሰፈሩ በነዋሪው ብዛት ልክ የመመረጥ ዕድል መስጠት ነው። ከተመረጡት ሰፈሮች እኩል ቁጥር ያለው ሰው ከተጠየቀ የነዋሪዎች ሁሉ ዕድል እኩል ይሆናል።

ይህ የሚሠራው የሰፈሩ ብዛት ሲታወቅ ነው። ማዮንና ሐጅ ዩሱፍን የመሰሉ ሰፈሮች በድርቅና በጦርነት ተፈናቃዮች አብጠዋል፤ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ተበትናለች። ዝርዝሩ ባረጀ ጊዜ ከሰፈሩ ቋሚ ቁጥር ከመውሰድ በአሮጌው ብዛት የተሰላውን ምጣኔ መውሰድ የዕድሉን እኩልነት ይጠብቃል። በዝርዝሩ የሌለ አዲስ ሰፈር ግን እንደዚያ ልጅ ዜሮ ላይ ይቀራል።

የከፋው ችግር ሌላ ነው። የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ተጎራብተው ይኖራሉ። ከየሰፈሩ 20 ሰው ተጠይቆ የመመሳሰሉ መጠን 0.3 ቢሆን (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው) ቫሪያንሱ 6.7 እጥፍ ያድጋል፤ 1,000 ቃለ መጠይቅ የ149 ያህል ብቻ ዋጋ ይኖረዋል። ከከተማው ሕዝብ 0.2 በመቶ የሚናገረው ቋንቋ ደግሞ በየትኛውም ተመጣጣኝ ዘዴ ከ1,000 ሰው የሚያስገኘው በአማካይ 2 ተናጋሪ ነው። በሁለት ሰው መልስ «ወጣቱ ቋንቋውን ትቷል» ብሎ መጻፍ፣ ያንንም ለመማሪያ መጽሐፍ ወሳኞች ማቅረብ፣ በእኔ አስተያየት ከስሕተት ያለፈ ነው።

ስለዚህ ለአናሳ ቋንቋዎች ሆን ተብሎ ያልተመጣጠነ ናሙና ይሻላል፦ ተናጋሪዎቹ ከሚበዙባቸው ሰፈሮች አብዝቶ መውሰድ፣ ለከተማው ጠቅላላ ግምት ደግሞ ሆርቪትዝና ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳዩት እያንዳንዱን መልስ ለዕድሉ ማካፈል። የኢትዮጵያ የ1994 እና የ2007 እ.ኤ.አ. ቆጠራዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋን ስለጠየቁ የሰፈርን መጠን በተናጋሪ ቁጥር መለካት እዚያ ይቀላል። በካርቱም አጥኚው አስቀድሞ ቤት ለቤት አጭር ምዝገባ ማድረግ ይኖርበታል፤ የየሰፈሩንም የመመረጥ ዕድል ከሪፖርቱ ጋር ማተም።