ብቻውን ለሚመጣው ተማሪ

የክበብ ኃላፊነት አዲስ የተረከበ ተማሪ የፕሮግራም ሥራ አዳራሽ በመያዝ የሚጀመር ይመስለዋል። እኔ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ፕሮግራም ሳዘጋጅ በቆየሁባቸው ዓመታት የተማርኩት ሌላ ነው። ከአዳራሹም፣ ከተጋባዡም፣ ከባነሩም በፊት መታሰብ ያለበት ብቻውን የሚመጣው ተማሪ ነው። ጓደኞች ያሉት ተማሪ ፕሮግራሙ ቢደበዝዝ እንኳ ከጓደኞቹ ጋር ተጫውቶ ይሄዳል። ብቻውን የመጣው ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ያያል፤ የሚያውቀው ፊት ካጣ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። እሱ ገብቶ ከተቀመጠና እስከ መጨረሻው ከቆየ፣ ፕሮግራሙ ተሳክቷል እላለሁ።

እኛ አገር ይህ ነገር የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለ። አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምርጫውን ይሞላል እንጂ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የጅግጅጋ ልጅ ጎንደር፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ጅማ፣ የወላይታ ልጅ ሰመራ ሊደርሰው ይችላል። ዶርም ሲገባ አብረውት የሚያድሩትን አልመረጠም፤ ሴክሽኑንም ሌላ ሰው አውጥቶለታል፤ ካፌ የሚበላውም የወጣለትን ነው። በሳምንቱ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ የሚሄድባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ቤተ እምነቱ፣ ኳስ ሜዳው፣ የክበባት ፕሮግራም። ቤተ እምነቱ ከሚመስሉት ጋር ያገናኘዋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ከቤቱ ርቆ ለመጣ ልጅ መጠጊያ ይሆነዋል። ከማይመስሉት ጎን ወዶ የሚቀመጠው ግን በብዛት ክበብ በጠራው ፕሮግራም ላይ ነው። ይህን ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚያዩት ሰዎች የማይዋጡልኝ ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ቀን መምረጥ ነበር። ጥሩውን ቀን ከመፈለግ ይልቅ የማይሆኑትን እየሰረዝን ብንሄድ ይቀለን ነበር። የሚድና የፋይናል ሳምንታት መጀመሪያ ይወጣሉ። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ብዙው ተማሪ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜን የሚያከብሩም አሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚቀርብ ነገር ካለ የጦም መሆን አለበት። ረመዳን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ ያምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። በአንድ ሳምንት ውስጥ አብዛኛው የግቢ ተማሪ በአንዱ ወይም በሌላው ጦም ውስጥ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ወቅት ኬክ አቅርቤ ሰው አበዛለሁ ማለት አያዋጣም። 12 ሰዓት ላይ የተጠራ ፕሮግራም ማፍጠሪያውን ይነካል። ፕሮግራሙን 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ 10 ሰዓት ከመሆኑ በፊት መጨረስ፣ ምግቡንም ጨርሶ መተው ይሻላል። ምግብ የለም ብሎ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። ጦሜን ረሱት ብሎ የሚቀር ግን ለሚቀጥለውም አይመጣም።

ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ካፌ እራት የሚያወጣበትን ሰዓት ያላሰበ አዘጋጅ አዳራሹ ፕሮግራሙ አጋማሽ ላይ ሲጎድልበት ያያል። ከግቢው ካፌ የማይመገቡት ነን ካፌዎችና ብር ያላቸው ይቀመጣሉ፤ የካፌ ተማሪው ግን ሌላ እራት ስለሌለው ይነሣል። መነሣቱን እንደ ንቀት የሚቆጥር አዘጋጅ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ በጣም ተናድጃለሁ። የሴቶች ዶርም የሚዘጋበት ሰዓትም አለ፤ ከአዳራሹ እስከ ዶርሙ ያለው መንገድ መብራት ያለው መሆኑም አለ። ማታ 3 ሰዓት የሚያልቅ ፕሮግራም ላይ ሴቶች ለምን አነሱ ተብሎ በስብሰባ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለው ጨለማ ነው። በቀን ብርሃን የጠራነው ፕሮግራም ላይ የሴቶቹ ቁጥር ወዲያው ከፍ ይል ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ደብዳቤ የሚጻፈው ለተማሪዎች ዲን ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ግልባጩ ነው። ዲኑ የሚፈቅደው አንድ ጊዜ ፈርሞ ነው። በዕለቱ በሩን የሚከፍተው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ እንግዳውን የሚያስገባው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ደብዳቤው በእጁ ካልደረሰ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ግልባጭ ለጥበቃ ክፍል፣ ግልባጭ ለጠቅላላ አገልግሎት፣ ግልባጭ ለጥገና ክፍል። ግልባጩን መዝገብ ቤት ጥሎ መመለስ አይበቃም፤ በእጅ ይዞ መሄድ፣ ሰውየውን ማግኘት፣ ቁልፉ ቅዳሜ ማን ዘንድ እንደሚያድር መጠየቅና ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል። የብዙ ፕሮግራም ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ስልክ ቁጥር ነው።

በር ላይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ አለ። የተጋባዦች ስም ዝርዝርና የመኪናቸው ታርጋ ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃ ይሰጣል። በኪራይ የሚገባው ሞንታርቦ፣ ሚክሰሩ፣ ገመዱ ሳይቀር ሲገባ አንድ በአንድ መመዝገብ አለበት፤ ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ ማታ አይወጣም፣ ጥበቃዎቹም ትክክል ናቸው። እኔ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ በር ላይ ላሉት አዛውንት ጥበቃ፣ «ጋሼ፣ ይቺን እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡልኝ፤ ማታ ተረኛ ለሚሆነው ያስረክቡልኝ» ብዬ መስጠት ልማዴ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀመርም አንድ ሰው ልከን ለተረኞቹ ውሃ እናደርስ ነበር። በሥራችን ውስጥ የነበሩ ናቸውና ይገባቸዋል።

የድምፅ ነገር በተማሪ ክበባት ዘንድ ችላ ይባላል። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላበት ድምፁን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጠዋት በባዶ አዳራሽ የተስተካከለው ማይክ ከሰዓት መልሶ መስተካከል አለበት። ይህን የሚያደርግ፣ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ በእጁ ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። ብቻውን የመጣ ተማሪ የሚቀመጠው እዚያው ኋላ ነውና፣ እዚያ የማይሰማ ግጥም ለእሱ አልተነበበም። መብራት ቢጠፋስ? ጄኔሬተር ያለው ግቢ ነዳጁ መኖሩን ከዋዜማው ያረጋግጥ። የሌለው ደግሞ ከዝግጅቱ ውስጥ ያለ ማይክ የሚቀርበውን አስቀድሞ ለይቶ ይያዝ፤ ክራር፣ ጭውውት፣ ድምፀ ጎርናና ገጣሚ። መብራት ሲጠፋ መድረክ መሪው ወዲያው ወደ እነዚህ ከተሻገረ ሰው አይነሣም። ከጠፋ በኋላ ምን እናድርግ ብሎ መመካከር ከተጀመረ ግን አዳራሹ ባዶ ይሆናል።

የመድረክ መሪ ምርጫ ላይ ብዙ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። ብዙዎቹ አሥቂኙን ልጅ ይፈልጋሉ። እኔ የምፈልገው የሰው ስም በትክክል የሚጠራውን ነው። ከአፋር፣ ከሲዳማ፣ ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ ስሙ መድረክ ላይ ሲበላሽና ሲሣቅበት መስማት ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው ይህን አያቃልለውም። ስለዚህ መሪው ከእያንዳንዱ አቅራቢ ጋር አስቀድሞ ተገናኝቶ ስሙን ከራሱ አፍ ሰምቶ ይለማመድ፤ በአነጋገር ዘዬ ላይ የሚሠራ ቀልድም ቢያሥቅ ባያሥቅ ከመድረኩ ይውጣ። ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ መድረኩ በአማርኛ ሆኖ ሌላው ቋንቋ የሚሰማው በባህል ቀን ጭፈራ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ የጻፈ ገጣሚ ሲገኝ በራሱ ቋንቋ ያንብብ፤ ከማንበቡ በፊት ሐሳቡን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ራሱ ይንገረን። አዳራሹ ቃሉን ባይረዳም ዜማውን ተከትሎ በጸጥታ ሲያዳምጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። የባህል ቀንም ቢሆን የአንዱን ልብስ ሌላው ተከራይቶ እንዲለብስለት ከማድረግ ልጆቹን ራሳቸውን መለመን ይሻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ እሺ ይላሉ።

ከዚሁ የሚያያዝ አንድ የፊት ረድፍ ጉዳይ አለ። የተማሪ ፕሮግራም የክብር እንግዳ ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ይዘገያል። የፊት ወንበሮች ወረቀት ተለጥፎባቸው ባዷቸውን ይቆያሉ፤ በሰዓቱ የመጣው ፍሬሽማን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እኔ ካለው ሰው ጋር በሰዓቱ ይጀመር ከሚሉት ወገን ነኝ። እንግዳው ሲደርስ በአክብሮት ይቀበሉታል፤ ንግግሩም በደረሰበት ሰዓት ይገባል።

የዚህ አገር የግቢ ፕሮግራም ታሪክ ራሱ ስለ ፊት ረድፍ የሚነግረን አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር የሚሰማበት መድረክ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሚገኙበት በዓል ላይ ተማሪዎች የጻፉትን ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ያሰማው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ የገጣሚው ገሞራው «በረከተ መርገም» የመጣውም በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለ እነዚህ ግጥሞች ሲወራ የሚነሣው የገጣሚዎቹ ድፍረት ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን በሙያዬ ሌላም ነገር አያለሁ። ያን መድረክ ያሰናዱ፣ ቀኑን የቆረጡ፣ ውድድሩን ያዋቀሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከፊት ማንም ይቀመጥ ማን ተማሪው የሚናገርበትን ቦታ ጠብቀው ያዙለት።

ተቃራኒውም ታይቷል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የተዘጋጀው የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ ተናወጠ፤ እንግዶች ተዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ትርኢቱን የባዕድ ባህል ማራገቢያ አድርገው አይተውት ነበር። በመግቢያው ላይ የተዋከቡት ሴት ተማሪዎች የደረሰባቸው ነገር ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ልብሳቸው የማንም ጉዳይ አልነበረም። ሆኖም እንደ አዘጋጅ ሳስበው ያ ቀን አንድ ነገር ያሳየኛል፦ ግቢ ውስጥ የሚጠራ ፕሮግራም ከውጭ የሚቀሩትም ያዩታል፤ ለማን እንደተዘጋጀ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ካላገኙ ራሳቸው ይሰጡታል።

ስለ ገንዘብ ብዙ የምለው የለም። ከስፖንሰር ጥሬ ብር ከመጠየቅ ውሃ፣ የባነር ኅትመት፣ የቲሸርት ዋጋ መጠየቅ ይቀላል፤ የተገኘውም ሁሉ በደረሰኝ ይያዝ። መግቢያ ማስከፈልን እቃወማለሁ። በር ላይ ኪሱን የሚያስቆጥር ፕሮግራም የሚያጣው ያንኑ ብቻውን የሚመጣውን ልጅ ነው።

ከሁሉም ፕሮግራም ይልቅ ይህ ልጅ ሳይፈራ ሲመጣ ያየሁት በደም ልገሳ ቀን ነው። የቀይ መስቀል ክበብ ከደም ባንክ ጋር ሆኖ ድንኳን ሲተክል ማንም ከማን ጋር መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኛ የሆነ ሁሉ ይሰለፋል። ወረፋው ላይ የቆሙ የማይተዋወቁ ልጆች ማውራት ይጀምራሉ፤ ለግሰው ሲያበቁም ጁሱን ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚሠራው ነገር ሲሰጠው ይቀለዋል። ይህን ካየን ወዲህ በእኛም ፕሮግራም በሩ ላይ ሁለት ልጆች አቁመን ለሚገባው ሰው አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት እንሰጥ ነበር፤ የወደዱትን ግጥም ጽፈው እንዲመልሱ። ለአቀባበል የምንመርጣቸው ልጆች ዝነኞቹ ሳይሆኑ የሰው ፊት የማይረሱት ነበሩ። ባለፈው መጥቶ የነበረውን ልጅ «ደህና ሰነበትክ፣ ዛሬም መጣህልን» የሚሉት ዓይነት።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ሥራው ገና ነው። ከሌክቸር ክፍሎች የመጡ ወንበሮች በዚያው ማታ ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል አለ፣ ወንበር ያጣ መምህርም በቀጣዩ ደብዳቤያችን ላይ አስተያየት ይሰጣል። ሞንታርቦው በዝርዝሩ ይወጣል። ቁልፉ ለባለቤቱ በእጅ ይሰጣል። በማግሥቱ የምስጋና ደብዳቤ ለጥበቃ፣ ለጥገናና ለጽዳት ክፍል ይጻፋል፤ ለዲኑ ብቻ የሚጽፍ ክበብ ብዙ ነው። ከዚያ ጸሐፊው መዝገቡን ያወጣል፦ ሞንታርቦ ማን ዘንድ በስንት ተከራየን፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር፣ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው እስከ መጨረሻ ቆየ፣ የትኛው ሰዓት ላይ አዳራሹ ጎደለ። ይህን የጻፈው ልጅ በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ ተመራቂ ሆኖ ይወጣል፤ መዝገቡን የሚረከበውን ልጅ አሁኑኑ ከፍሬሽማኖቹ መካከል መፈለግ አለበት፤ ቢቻል ባለፈው ወር በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ከነበሩት አንዱን።