የአዳብና ጭብጨባ በኖታ መሥመር ላይ

የምዕራቡን ዓለም የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ባብዛኛው ከነጠላ ድምፅ ይነሣሉ። ድምፁ ከፍታ አለው፤ ከፍታው በአምስት መሥመሮች ላይ ይሰፍራል፤ ድምፆች ሲሰለፉ እስኬል፣ ሲደራረቡ ኮርድ ይሆናሉ። በቡታጅራ ዙሪያ ከመስቀል በኋላ በሚደምቀው የጉራጌዎች የአዳብና ጨዋታ ግን ነገሩ ከጭብጨባ ይነሣል። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ እግር መሬቱን ይመታል፤ ዜማው በዚህ ሁሉ ላይ ይንሳፈፋል። የንድፈ ሐሳቡ ቃላት የጉራጌን ሙዚቃ ለማጥናት እንደሚጠቅሙ አምናለሁ። የተሰለፉበትን የማዕረግ ቅደም ተከተል ግን መቀበል ያለብን አይመስለኝም።

ቃላቱ እንዴት እንደደረሱን ማስታወስ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኖታንና የነፋስ መሣሪያን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አስፋፉ። በዚያው አቆጣጠር በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ ነበሩ። አሸናፊ በአሜሪካው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው፤ በኋላም የኢትዮጵያን ሙዚቃ አጥንተው ዶክትሬታቸውን ያዙ፣ በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥሮች መጽሐፍ አሳተሙ። በእኚህ ሰው ውስጥ ሁለቱም ጆሮዎች አብረው ኖረዋል። ይህን ውርስ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የመማሪያ ክፍሎች ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለ ድምፅ ከፍታ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው፤ ሙሉው ትዝታ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይጻፋል። ፒያኖ ስምንዮሹን በአሥራ ሁለት እኩል እርምጃዎች ይከፍላል፤ እያንዳንዷ እርምጃ 100 ሴንት ናት። ሴንትን ለሙዚቃ መለኪያነት ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 ባወጣው ጥናት የልዩ ልዩ ሕዝቦችን እስኬል ለክቶ፣ ሁሉን የሚገዛ አንድ የተፈጥሮ እስኬል እንደሌለ ደምድሟል። ከአዲስ አበባ ገበያ የተገዛ ኪቦርድ ግን ይህን አያውቅም። የድምፃዊውን ጉሮሮ ወደ ራሱ እርምጃዎች ይጎትታል፤ ድምፃዊውም ይለምደዋል። አራቱ የቅኝት ስሞች ራሳቸው በክራርና በማሲንቆ ዙሪያ የዳበሩ የሰሜኑ ደጋ ስሞች ናቸው። የጉራጊኛ ዘፈን ሰምቶ «ትዝታ ነው» ማለት ድምፆቹን ይቆጥራል፤ አውራጁ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍና ተቀባዩ ከየት እንደሚያነሣው ግን ሳይነገር ይቀራል። በጉራጌ ምድር በአብሬት የሚሰማው የሙስሊሞች መንዙማም እንዲሁ ነው፤ ድቤውና የምእመናኑ ቅብብል ሳይጠቀሱ በድምፅ ዝርዝር ብቻ ቢገለጽ ዋናው ነገር ይቀራል።

ትልቁ ፈተና ያለው ምት ላይ ነው። ኖታ ጊዜን በባር ይከፋፍላል፤ የባሩ የመጀመሪያ ምት ጠንካራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት ስድስት ስምንተኛ ምት ይህን አስተሳሰብ ከወዲሁ ይፈትነዋል፤ ስድስቱ ፈጣን ትርታዎች ሁለት ጊዜ ሦስትም፣ ሦስት ጊዜ ሁለትም ሆነው ሊሰሙ ይችላሉ። በፈጣኑ የጉራጊኛ ጨዋታ ደግሞ እግር፣ እጅና ድምፅ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ኖታ ጸሐፊው ባሩን ከእግር ጋር ቢያስጀምር ጭብጨባው ከምቱ ያፈነገጠ መስሎ ይጻፋል፤ ከጭብጨባው ቢነሣ ደግሞ ዜማው የዘገየ ይመስላል። ከተጫዋቾቹ መካከል ግን ያፈነገጠም የዘገየም የለም። ስህተቱ ያለው ለሦስቱ አንድ ዳኛ በመሾሙ ላይ ነው።

መፍትሔው ኖታን መጣል አይደለም። በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሠራው ተመራማሪ ሲምሃ አሮም ተጫዋቾቹ የሌላውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እያንዳንዳቸው ለብቻ እንዲቀረጹ አደረገ። ከዚያ ጠንካራና ደካማ ምትን አስቀድሞ ሳይፈርድ፣ እኩል ትርታዎችንና ተመልሶ የሚመጣውን ዑደት ብቻ መሠረት አድርጎ ጻፈ። ይህ ዘዴ ለአዳብና ጭብጨባ የተመቸ ይመስለኛል። አውራጁ፣ ተቀባዮቹና አጨብጫቢዎቹ ተለያይተው ቢቀረጹ፣ ተቀባዩ የአውራጁን ስንኝ ጫፍ ሳይጨርስ የሚቀማበት ቅጽበት በትርታ ቁጥር ሊታይ ይችላል። «ጥሪና ምላሽ» የሚለው የተለመደ ስያሜ ሁለቱን እንደ ተራ ተናጋሪ ያሰልፋቸዋል፤ የዘፈኑ ግለት ግን የሚወለደው ከመደራረባቸው ነው።

በሠርግ ቤት ኪቦርድ ተጫዋቹ ለጉራጊኛ ዜማ ኮርድ ሲፈልግ የሚገጥመውም ችግር በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። በሙሉ ትዝታ ቅኝት ከሦስቱ መሠረታዊ ኮርዶች ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብቻ ነው። ሁለተኛው ፋን፣ ሦስተኛው ሲን ይጠይቃል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ተጫዋቹ ኮርዶቹን በገቡበት ሁሉ ቢያስገባ ለዜማው ባዕድ የሆኑ ድምፆች ከሥሩ ይሰማሉ። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ይህን በጆሯቸው ያውቁት ነበር፤ የነፋስ መሣሪያዎቹ ኮርድ ከመከመር ይልቅ ብዙ ጊዜ አንድ ዜማ በኅብረት ይነፉ ነበር። በ1941 አዲስ አበባ ውስጥ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያለፈው በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። በብዙ ድምፅ መዘመር ለደቡቡ እንግዳ ነው ማለትም አይቻልም፤ ዶርዜዎች የታወቁበት የተደራረበ ዝማሬ ከኮርድ ትምህርት የተገኘ አይደለም።

ስለዚህ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ለሚከፈት የሙዚቃ ክፍል የመጀመሪያው ትምህርት ትርታ ቢሆን እመርጣለሁ። ተማሪዎቹ ከሰፈራቸው የሚያውቁትን ጭብጨባ በሁለት ቡድን ያጨብጭቡ፤ ዑደቱን በክብ ሰሌዳ ላይ ይሣሉት፤ ከዚያ አውራጅና ተቀባይ ይጨመሩ። እስኬል ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ኮርድ መጨረሻ ላይ፣ ፋና ሲ ለምን እንደማይገጥሙ ተማሪው በራሱ ጆሮ ሲለየው።